ቪዲዮ ጌም ለከባድ ሂስና ለጥናት ይበቃል? ከበቃስ እንዴት ይሠራበታል?

ህሊና

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። አንድ ቪዲዮ ጌም ለሥነ ጽሑፍ የሁለተኛ ዲግሪ ማሟያ ጽሑፍ ዋና የጥናት ርዕስ መሆን ይችላል ወይ የሚል ክርክር ተነስቷል። የታሰበው ጌም በ2013 የወጣው «ፔፐርስ፣ ፕሊስ» ነው፤ ተጫዋቹ የድንበር ኬላ ላይ ፓስፖርት መርማሪ ይሆናል። የሚቀርቡት ተቃውሞዎች ሦስት ናቸው።

አንደኛ፣ ልብ ወለድ ሲጠና ሁሉም የሚያነበው ገጽ አንድ ነው፤ ጌምን ግን ሰው ሁሉ በየመንገዱ ይጫወተዋል። ታዲያ የሚጠናው የማን ጨዋታ ነው? ሁለተኛ፣ ታሪኩ ተነጥሎ ወረቀት ላይ ቢሰፍር ከአንድ መካከለኛ አጭር ልብ ወለድ አይበልጥም፤ ምኑ ይተነተናል? ሦስተኛ፣ ከመጽሐፍ ገጽ ይጠቀሳል፣ ከፊልም ደቂቃ ይጠቀሳል፤ ከጌም ምን ተብሎ ይጠቀሳል?

«ዘመኑ ተለውጧል፣ ዛሬ ሁሉም ነገር ይጠናል» የሚለው መልስ ገምጋሚ ፊት አይቆምም። የሚቆመው የቱ ነው? በተግባርስ ከየት ይጀመራል፣ ምን ይመዘገባል፣ አብዛኛው ሰው የሚወድቀውስ የቱ ጋ ነው?

ደረጃ256

እህቴ ህሊና፣ በተቋም ደረጃ ጥያቄው ካለቀ ቆይቷል (ዓመቶቹን ሁሉ እ.ኤ.አ. እንያዛቸው)። «ጌም ስተዲስ» የተባለው፣ ማንም በነጻ የሚያነበው ጆርናል በ2001 በኤስፐን ኦርሴት ዋና አዘጋጅነት ተጀመረ፤ ዲግራ የተባለው የተመራማሪዎች ማኅበር በ2003 ተቋቋመ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2011 ጌም እንደ መጽሐፍና እንደ ፊልም ሁሉ በሕገ መንግሥቱ የመናገር ነጻነት ጥበቃ አለው ብሎ 7 ለ2 ወሰነ። በ2012 የኒውዮርኩ የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም 14 ጌሞችን ስብስቡ ውስጥ አስገባ። ይህን ሁሉ መግቢያሽ ላይ በአንድ አንቀጽ ጨርሺው። ሙዚየም ስላስገባው ብቻ የሚረታ ገምጋሚ የለም፤ ሊኖርም አይገባም።

የሚያሳምነው የጌሙን ሕግ እንደ ጽሑፍ ማንበብ ነው። ያንቺኑ ርዕስ እንውሰድ። መርማሪው በትክክል ላስተናገደው ለእያንዳንዱ መንገደኛ 5 ክሬዲት ያገኛል። የሥራው ቀን በሰዓት የተገደበ ነው፤ ሰዓቱ ሲሞላ ኬላው ይዘጋል። ማታ ኪራይ፣ ምግብና ማሞቂያ ይከፈላል። ቤት ውስጥ ሚስት፣ ወንድ ልጅ፣ አማትና አጎት አሉ፤ የተራበና የበረደው ይታመማል፣ የታመመው መድኃኒት ይፈልጋል። መርማሪው ወረቀቱ የጎደለውን ካሳለፈ ወይም የተሟላለትን ከመለሰ ወዲያው የጥፋት ወረቀት ታትሞ ጠረጴዛው ላይ ይወድቃል። በቀኑ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ጥፋቶች በማስጠንቀቂያ ይታለፋሉ፤ ከሦስተኛው ጀምሮ ገንዘብ ይቆረጣል።

አሁን 5ኛውን ቀን እይው። ወረቀቱ የተሟላ አንድ ሰው ይመጣል፤ ሲያልፍ ከኋላው ላለችው ሚስቱ እንዲራራላት መርማሪውን ይለምናል። ሚስቲቱ ትቀርባለች፤ የመግቢያ ፈቃድ የላትም። ሕጉ ስለ ርኅራኄ አንዲት ቃል አይናገርም። ግን በዚያ ቀን እስካሁን ጥፋት ከሌለብሽ እሷን ማሳለፍ የገንዘብ ቅጣት አያስከትልብሽም፤ ሁለቱን ማስጠንቀቂያ ከጨረስሽ ግን ከልጅሽ መድኃኒት ላይ ይቀነሳል። በዚህ ምክንያት ተጫዋቹ ሳይታወቀው ደግነቱን በራሽን ማደል ይጀምራል፦ «ዛሬ አንድ ነጻ ጥፋት ቀርቶኛል፤ ለማን ላውላት?» ቢሮክራሲ ክፉ ያልሆነን ሰው እንዴት ጨካኝ እንደሚያደርገው ልብ ወለድ በደንብ ይተርካል። ስሌቱን አንባቢው ራሱ ተቀምጦ እንዲያሰላ ማድረግ ግን ሌላ መሣሪያ ነው። ጥናትሽ ስለዚህ መሣሪያ ነው።

የመጀመሪያው ተቃውሞ እዚህ ላይ ይመለሳል። ሁለት ተጫዋቾች ሁለት የተለያየ ቀን ያሳልፋሉ፤ ሁለቱም የሚንቀሳቀሱት ግን በዚያው 5 ክሬዲት፣ በዚያው ሰዓትና በዚያው ሁለት ማስጠንቀቂያ ውስጥ ነው። የጋራው «ገጽ» ሕጉና ሕጉ የሚፈቅደው የድርጊት ስፋት ነው።

ሁለተኛውም እንዲሁ። ታሪኩ ቀጭን ነው መባሉ ልክ ነው፤ ትርጉሙ ያለው ታሪኩ ላይ ብቻ ነው ማለቱ ግን ስህተት ነው። ጠረጴዛውን ተመልከቺ። በመጀመሪያው ቀን ፓስፖርት ብቻ ነው የሚመረመረው። ቀናት ሲያልፉ የመግቢያ ፈቃድ፣ መታወቂያ፣ የሥራ ፈቃድና ሌላም ይጨመራል፤ ጠረጴዛው ግን አንድ ስንዝር አይሰፋም። ወረቀት በወረቀት ላይ ይደራረባል፣ የደንብ መጽሐፉን ለመክፈት ሌላውን መግፋት ያስፈልጋል፣ ሰከንዱ ይበላል። ስህተት የሚመጣው ከቦታ ጥበት ነው፣ ቅጣት የሚመጣው ደግሞ ከስህተት። ይህን በታሪክ ማጠቃለያ ውስጥ አታገኚውም።

ለመነሻ የ2004ቱን ኤምዲኤ የተባለ ማዕቀፍ ተጠቀሚ። ሦስት ንብርብር አለው፦ ሕጉ፣ ሕጉ ሲሠራ የሚፈጠረው እንቅስቃሴ፣ ከዚያ የሚመጣው ስሜት። ለምትመርጪው እያንዳንዱ ትዕይንት በሦስቱ ስም አንድ አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፊ። ለምሳሌ «ሁለት ነጻ ጥፋት በቀን» ሕግ ነው፤ «ተጫዋቹ ጥፋቶቹን ለመጨረሻ ሰዓት ያቆያል» እንቅስቃሴ ነው፤ «ደግነት እንደ ቁጠባ ይታያል» ሦስተኛው ነው። ሦስተኛውን ጽፈሽ የመጀመሪያው ባዶ ከሆነ፣ የጻፍሽው ነገር ከጌሙ የመጣ አይደለም።

ቀይ እስክሪብቶ

ወንድሜ ደረጃ256 በመሠረቱ ልክ ነው፤ ግን «የሚናገረው ሕጉ ነው» ሲባል ሌላው ድምፅ እንዳይጠፋ። ያንኑ የ5 ክሬዲት ሕግ በኤክሴል ሠንጠረዥ ሥሩት፤ ቁጥሩ አንድ ይሆናል፣ ትርጉሙ ግን አይመጣም። የማህተሙ ምት፣ የደበዘዘው ቀለም፣ በመስኮቱ ብቅ የሚለው ፊት፣ የማይገባ ቋንቋ የሚመስለው የድምፅ ማጉያው ጩኸት አብረው ናቸው የሚሠሩት። የሕግ ብቻ ንባብ የታሪክ ብቻ ንባብን ያህል ጎዶሎ ነው።

ገምጋሚ የሚይዘው ትልቁ ጥፋት ሌላ ቦታ ነው። በጌም ጽሑፍ ውስጥ ያለ እያንዳንዱ አባባል ከሦስት በአንዱ ላይ ያርፋል፦ በሠሪው፣ በዕቃው ወይም በተጫዋቹ። የሦስቱ ማስረጃ የተለያየ ነው። ተማሪው ግን በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ከአንዱ ወደ ሌላው ይዘላል፤ «ዲዛይነሩ ፍርሃት ሊያሳድርብን ስለፈለገ ጠላቶቹ ይፈጥናሉ» ይላል። በ1978 የወጣውን «ስፔስ ኢንቬደርስ» እንይ። መጀመሪያ 55 ጠላቶች በ5 ረድፍ ተሰልፈው ቀስ ብለው ይሄዳሉ፤ ቁጥራቸው ባነሰ መጠን ይፈጥናሉ፣ የመጨረሻው ብቻውን ይበራል። ምክንያቱ ማሽኑ ነበር፤ ብዙ ምስል ማንቀሳቀስ ስለሚከብደው፣ የሚንቀሳቀሰው ሲቀንስ ፍጥነቱ ጨመረ። ሠሪው ቶሞሂሮ ኒሺካዶ ውጤቱን አይቶ እንዲቆይ አደረገ። «ተጫዋቹ ላይ ጫና ይጨምራል» የሚለው ስለ ዕቃው ልክ ነው፤ «ሠሪው ከመነሻው ያቀደው ነው» የሚለው ስለ ሠሪው ስህተት ነው።

ይበልጥ ረቂቅ የሆነው «ፓክማን» ነው፣ 1980። አራቱ መናፍስት ተጫዋቹ የሚያንቀሳቅሰውን ፓክማን ዝም ብለው አያሳድዱም፤ እያንዳንዱ የራሱ ዒላማ አለው። ቀዩ ፓክማን ያለበትን ካሬ ያነጣጥራል። ሮዟ ፓክማን ከዞረበት አቅጣጫ 4 ካሬ ቀድማ ታነጣጥራለች። ብርቱካናማው ከ8 ካሬ በላይ ሲርቅ ያሳድዳል፣ ሲቀርብ ወደ ራሱ ማዕዘን ይሸሻል። ሰማያዊው ደግሞ የቀዩን ቦታ በስሌቱ ውስጥ ያስገባል። ከሁሉ የሚገርመው ፓክማን ወደ ላይ ሲዞር የሮዟ ዒላማ 4 ወደ ላይ ብቻ ሳይሆን 4 ወደ ግራም መሄዱ ነው፤ በኮዱ ውስጥ ያለ የቁጥር መሙላት ስህተት ያመጣው ነው። አዋቂ ተጫዋቾች ይህን ተጠቅመው ሮዟን ያታልላሉ። ሃያሲ «ሮዟ መንፈስ ተንኮለኛ ባሕርይ አላት» ብሎ መጻፍ ይችላል፤ ግን የቱ ከዕቅድ፣ የቱ ከስህተት፣ የቱ ከተጫዋች ልማድ እንደመጣ ካልለየ ግምት ነው።

ከላይ የሚወርዱ ቅርጾች በሚደረደሩበት «ቴትሪስ» ላይ የተነሳው የድሮ ጠብም ከዚሁ ነው። ተመራማሪዋ ጃኔት መሪ በ1997 ጌሙ በዘጠናዎቹ የነበረውን፣ ሥራ የበዛበትን የአሜሪካውያንን ኑሮ ያሳያል ብላ ጻፈች፤ ሌላው ተመራማሪ ማርኩ ኤስኬሊነን በ2001 ይህ የራስን ትርጉም በጌሙ ላይ መጫን ነው ብሎ ተነሳባት። ጌሙ ሞስኮ ውስጥ በአሌክሲ ፓጂትኖቭ የተሠራ ነው። ስለዚህ የመሪ ንባብ ስለ አመጣጡ ከተባለ አይቆምም፣ ስለ አንዳንድ ተጫዋቾች አቀባበል ከተባለ ሊቆም ይችላል። ሁለቱ ወገኖች ለዓመታት የተካረሩት፣ አንዱ ስለ ዕቃው ሌላው ስለ ተቀባዩ እያወራ መሆኑን ባለመለየት ጭምር ይመስለኛል።

ሌሎቹን ጥፋቶች ባጭሩ ልበላቸው። ምዕራፉን በታሪክ ማጠቃለያ መሙላት፤ ከአንድ አምስተኛ ከበለጠ ቁረጪው። «ተጫዋቹ ጥፋተኝነት ይሰማዋል» ብሎ በእርግጠኝነት መጻፍ፤ የትኛው ተጫዋች? «ጌሙ ተጫዋቹን ጥፋተኛ አድርጎ ያስቀምጠዋል» ካልሽ ስለ ዕቃው ነውና ልታሳዪው ትችያለሽ። ከዩቲዩብ ቪዲዮ የተቀዳ ትንታኔን ያለ ስም ማስገባትም ገምጋሚው አላየውም ብሎ ከመተማመን የሚመጣ ነው፤ ብዙ ጊዜ አይቶታል።

«ሉዶናራቲቭ ዲሶናንስ» የሚለውን ቃል እንደ ማህተም አትምቺው። የጌም ዲዛይነሩ ክሊንት ሆኪንግ በ2007 ሲጽፈው «ባዮሾክ» ስለተባለው ጌም በጣም የተወሰነ ነገር ነበር የሚለው፦ ሕጉ የራስን ጥቅም የማሳደድ ምርጫ ይሰጣል፣ ትረካው ግን ምርጫ ሳይሰጥ ሌላውን ሰው እንድትረዳ ያስገድዳል፣ ሁለቱ ይጋጫሉ። ዛሬ ጀግናው ብዙ ገድሎ ሲቀልድ በታየ ቁጥር ይለጠፋል። ሁለቱን የሚጋጩ ወገኖች ለይተሽ መጻፍ ካልቻልሽ ቃሉን ተዪው።

እና እባክሽ «ጌም ጥበብ ነው ወይስ አይደለም» ውስጥ ገጽ አታባክኚ። የፊልም ሃያሲው ሮጀር ኢበርት በ2010 ጌም መቼም ጥበብ ሊሆን አይችልም ብሎ ጽፎ፣ በዚያው ዓመት ሳይጫወቱ አስተያየት መስጠት እንዳልነበረበት አምኗል። ርዕሱ እዚያ ላይ ቢያርፍ ለሁሉም ይበጃል። የንግድ ማስታወቂያም ይጠናል እኮ፤ ለመጠናት ጥበብ መሆን አያስፈልግም።

አባ መዝገብ

ልጄ ህሊና፣ ሐሳቡን ለእነሱ ልተውና ስለ ማስረጃው ልናገር። ጌም ከመጽሐፍ የሚለየው ከእጅሽ ላይ መለወጡ ነው። ዛሬ የተጫወትሽው ከስድስት ወር በኋላ በፓች (ሠሪው በሚልከው ማሻሻያ) ተቀይሮ ገምጋሚው ሲከፍተው ሌላ ነገር ያገኛል። ስለዚህ ከመጀመሪያው ጨዋታ በፊት እነዚህን ጻፊ፦ የጌሙን ሥሪት ቁጥር (በመነሻ ገጹ ጥግ ወይም በቅንብር ገጹ ላይ ይገኛል)፣ መሣሪያውንና የስርዓተ ክወናውን ስም፣ የጌሙን ቋንቋ፣ የከባድነት ደረጃውን፣ የበራና የጠፋ አማራጭ ሁሉ፣ የተጫወትሽበትን ቀን።

ቀጥሎ ሥሪቱን ማሰር ነው። ስቲም በተባለው የጌም መሸጫ ላይ አውቶማቲክ ማሻሻያውን «ሲከፈት ብቻ» በሚለው ብታደርጊውም መጨረሻ ላይ መጫኑ አይቀርም፤ ጥናቱ እስኪያልቅ ከመስመር ውጭ በሚሠራው ሁነታ ተጫወቺ። ጂኦጂ ከተባለው ሌላ መሸጫ ከተገዛ ደግሞ የመጫኛ ፋይሉን አውርደሽ ማስቀመጥ ይቻላል፤ ያ ፋይል በራሱ አይለወጥም። የክላውድ ሴቭንም (የጨዋታሽን ሂደት በኢንተርኔት የሚያስቀምጠውን) አጥፊ። ሁለት ኮምፒውተር ላይ የሚጫወት ሰው የቆየው ሴቭ አዲሱን ሲደመስስበት የሚያውቀው ዘግይቶ ነው። ከእያንዳንዱ ክፍለ ጊዜ በኋላ የሴቭ ማህደሩን ቅጂ ቀኑንና የጨዋታውን ቁጥር በስሙ ላይ ጽፈሽ ለብቻው አስቀምጪ።

ለቀረጻ ኦቢኤስ የተባለው የስክሪን መቅረጫ ፕሮግራም ይበቃል። 1080ፒ፣ በሰከንድ 30 ፍሬም፣ ቢትሬቱ 6000 ኪሎቢት ቢሆን በሰዓት 2.7 ጊጋባይት ገደማ ይይዛል፤ ለ20 ሰዓት 54 ጊጋባይት ነው፣ ቅጂው ሲጨመር እጥፍ። ፋይሉ በኤምኬቪ ይቀረጽ። በመደበኛው ኤምፒ4 እየቀረጽሽ መብራት ቢጠፋ ወይም ፕሮግራሙ ቢዘጋ አብዛኛውን ጊዜ ፋይሉ ጭራሽ አይከፈትም፤ ኤምኬቪ እስከተቋረጠበት ድረስ ያለው ይተርፋል፣ በኋላ በዚያው ፕሮግራም ወደ ኤምፒ4 መቀየር ይቻላል። የጌሙን ድምፅ በአንድ ትራክ፣ የራስሽን ድምፅ በሌላ አድርጊ፤ እየተጫወትሽ ጮክ ብለሽ ማሰብሽ ጠቃሚ ነው፣ ግን ከጌሙ ድምፅ ጋር ከተቀላቀለ በኋላ አይለያይም።

ከቀረጻው ጎን አራት ዓምድ ያለው ሠንጠረዥ ይኑር፦ የቪዲዮው ሰዓት፣ ያደረግሽው፣ ጌሙ የመለሰው፣ ማስታወሻ። ሦስተኛውንና አራተኛውን አትቀላቅዪ። «የጥፋት ወረቀት ታተመ፣ የመጀመሪያ» ምላሽ ነው፤ «ቅጣቱ ሰውየው ሳይርቅ ስለመጣ የሚያዋርድ ነው» ማስታወሻ ነው። ሠንጠረዡን በዚያው ቀን ሙዪው፤ ሳምንት ካለፈ ቪዲዮውን ከመነሻው ማየት ሊኖርብሽ ነው።

የቆየ ጌም ለሚያጠኑ አንድ ነገር ልጨምር። በ60 ኸርዝ ቴሌቪዥን ለሚሠሩ አገሮች የወጣና በ50 ኸርዝ የወጣ ሥሪት አንድ ላይሆኑ ይችላሉ። በአግባቡ ካልተስተካከለ የ50 ኸርዙ በ17 በመቶ ገደማ ይዘገያል፣ ሙዚቃውም አብሮ። ስለ ፍጥነትና ስለ ጫና የሚጽፍ ሰው የቱን እንደተጫወተ ካልገለጸ መደምደሚያው ዋጋ የለውም። ኢሙሌተር (የቆየውን መሣሪያ የሚያስመስል ፕሮግራም) ከሆነም የኢሙሌተሩ ስምና ሥሪት ይጻፍ።

ለምን ይህ ሁሉ ልፋት? የቪዲዮ ጌም ታሪክ ፋውንዴሽን በ2023 ባወጣው ጥናት አሜሪካ ውስጥ ከወጡት የቆዩ ጌሞች 87 በመቶው በወቅቱ በገበያ ላይ አይገኙም ነበር። የጠቀስሽውን ጌም አንባቢሽ ማግኘት ካልቻለ የሚቀረው ያንቺ መዝገብ ብቻ ነው። ሰርቨሩ የተዘጋ የኦንላይን ጌም ከሆነ ጭራሽ።

ህሊና

እግዜር ይስጥልኝ አባ፤ የሠንጠረዡ ነገር በተለይ ጠቅሞኛል። ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሁለት ነገር ቀርቶኛል። ይህ ጌም 20 ፍጻሜ አለው፤ ሁሉንም ማየት ግዴታ ነው ወይስ ስንት ጊዜ መጫወት ይበቃል? ሌሎች ሲጫወቱ የተቀረጸ ቪዲዮ ማየትስ እንደ መጫወት ይቆጠራል?

ደረጃ256

20ውን ሁሉ መጫወት አይጠበቅብሽም፤ አንዳንዶቹ በእስር ወይም በዕዳ ቶሎ የሚያልቁ ናቸው። ሦስት ሙሉ ጨዋታ በሦስት የተለያየ ዓላማ ይበቃል። የመጀመሪያውን ምንም ሳታነቢ፣ መመሪያም ሳታዪ ተጫወቺ፤ ያንን ንጹሕ እይታ ሁለተኛ አታገኚውም፣ ስለዚህ ቀረጻው ከእሱ ይጀምር። ሁለተኛውን ለሕጉ ፍጹም ታዛዥ ሆነሽ፤ ሦስተኛውን ቤተሰብሽ ቢራብም ለለመነሽ ሁሉ እየራራሽ። ሦስቱን ስታነጻጽሪ ጌሙ የቱን እንደሚያቀልና የቱን እንደሚያከብድ ቁልጭ ብሎ ይወጣል።

ከዚያ በኋላ ሙሉ ጨዋታ አያስፈልግም። ጌሙ እያንዳንዱን ቀን ለይቶ ስለሚያስቀምጥ ወደፈለግሽው ቀን ተመልሰሽ ከዚያ ቅርንጫፍ መቀጠል ትችያለሽ። 5ኛውን ቀን ደጋግመሽ ክፈቺ፤ አንዴ ሚስቲቱ ስትመጣ ጥፋት ሳይኖርብሽ፣ አንዴ ሆን ብለሽ ሁለት አጥፍተሽ፣ አንዴ መልሰሻት። የሚያስቸግረው ነገር፣ እንደ ባልና ሚስቱ ያሉት ሰዎች የተጻፉ ሲሆኑ ሌላው መንገደኛ በአብዛኛው በዕጣ የሚፈጠር መሆኑ ነው። የቀኑ ገቢ በየጊዜው ይለያያል። ስለ ገቢ ቁጥር ልትጽፊ ከሆነ እያንዳንዱን አማራጭ ቢያንስ አምስት ጊዜ ደጋግመሽ ዝቅተኛውንና ከፍተኛውን አብረሽ አስፍሪ፤ ከአንድ ሙከራ የተወሰደ ቁጥር ገምጋሚው በሁለት ደቂቃ ያፈርሰዋል። እጅሽ እየለመደ ሲሄድ ገቢሽ እንደሚጨምርም አትርሺ፤ አማራጮቹን አፈራርቂያቸው እንጂ አንዱን ጨርሰሽ ወደ ሌላው አትሂጂ።

የሌሎችን ቪዲዮ በተመለከተ፦ ያላየሽው ቅርንጫፍ መኖሩን ለማወቅ ይጠቅማል፣ ስለ ታሪኩ ይዘትም ሊጠቀስ ይችላል። ስለ ጊዜ፣ ስለ እጅና ስለ ጫና ለሚነሳ አባባል ግን ምትክ አይሆንም። ለምሳሌ «ሴለስት» ላይ ተጫዋቹ የገደሉን ጫፍ ካለፈ በኋላ እንኳ ለጥቂት ፍሬሞች መዝለል ይፈቀድለታል። በሰከንድ 60 ፍሬም በሚሄድ ጌም አንድ ፍሬም 16.7 ሚሊሰከንድ ናት። ተመልካች አያያትም፤ የተጫወተውም ቢሆን «ደረስኩ!» ብሎ ነው የሚያልፈው። እጅግ ከባድ የሚባለው ጌም በድብቅ ይቅር ባይ ነው ማለት ነው፤ ስለ ጭንቀት የሚያወራ ጌም እንዲህ መሠራቱ ደግሞ ራሱን የቻለ የሂስ ርዕስ ይወጣዋል።

ቀይ እስክሪብቶ ስለ ኤክሴሉ ያልከው ገብቶኛል። ግን ተቃራኒውም አለ። ከተማ የሚገነባበት «ሲምሲቲ» በ1989 ሲወጣ ሠሪው ዊል ራይት ከተማን በቀመር ለመግለጽ ከሞከረው ከጄይ ፎሬስተር የ1969 ሥራ ተነስቶ ነበር። ተጫዋቹ የሚያየው ቤትና መንገድ ነው፤ የሚታዘዘው ግን ግብር ሲጨምር ሰው ይሸሻል ለሚል ያልታየ ቀመር ነው። እዚያ ላይ ምስሉ ቀመሩን ይሸፍነዋል፤ ሃያሲው ምስሉን ገልጦ ካላየ የፖለቲካ ግምትን እንደ ተፈጥሮ ሕግ ይቀበላል።

ሦስተኛው ረድፍ

ቀይ እስክሪብቶ በተጫዋቹ ላይ ስለሚያርፍ አባባል አንስቶ ስላለፈው ነው የምጽፈው። ስለ ሰዎች ከጻፍሽ ከሰዎች ማስረጃ ያስፈልጋል፤ የራስሽ ጨዋታ አይበቃም።

የዚህ ጥሩ ማሳያ በመስከረም 2005 ብዙ ሰው በኦንላይን አብሮ በሚጫወተው «ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት» ላይ የተፈጠረው «ኮራፕትድ ብለድ» ነው። አንድ አለቃ ጠላት በቡድን የሚገጥሙትን ተጫዋቾች በሚተላለፍ ደዌ ይመታ ነበር፤ ደዌው ከዚያ ስፍራ እንዳይወጣ ታስቦ ነበር። ግን «አራዊት አዳኝ» የሚባለውን ገጸ ባሕርይ የያዙ ተጫዋቾች በደዌው የተያዙትን እንስሶቻቸውን አሰናብተው ከተማ ውስጥ መልሰው ሲጠሯቸው ደዌው አብሮ መጣ። በኮምፒውተር የሚንቀሳቀሱት የከተማ ነዋሪዎች ሳይሞቱ ተሸካሚ ሆኑ፣ ደካማ ተጫዋቾች ወዲያው አለቁ። አንዳንዱ ሸሸ፣ አንዳንዱ ሊያክም ገባ፣ አንዳንዱ ሆን ብሎ አዛመተ። ኩባንያው ሰርቨሮቹን እንደገና እስከማስነሳት ደረሰ። በ2007 የወረርሽኝ ተመራማሪዎች በሕክምና ጆርናሎች ላይ ጉዳዩን አንስተው የሰዎችን ባሕርይ በሞዴል ውስጥ ለማስገባት ምን እንደሚጠቅም ጻፉ። ወሰኑም ግልጽ ነው፦ እዚያ ሞት የሚያስከፍለው ጥቂት ደቂቃ ነውና የድፍረቱ መጠን ከእውነተኛው ዓለም ጋር አይነጻጸርም። በጥናትሽ ውስጥ «በጌሙ የታየው በኑሮም ይታያል» የሚል ዓረፍተ ነገር ካለ፣ ዋጋው በሁለቱ ቦታ ስንት እንደሆነ ጻፊ።

ተጫዋቾችን የምትጠይቂ ከሆነ የተቋምሽን የሥነ ምግባር ፈቃድ መጀመሪያ ያዢ፤ ወደ ኋላ ተመልሶ አይሰጥም። ውይይታቸው ለሁሉም ክፍት መሆኑ ለመጥቀስ ፈቃድ ሰጡ ማለት አይደለም። የገጸ ባሕርያቸውን ስምም ለውጪ፣ ብዙ ሰው በዚያው ስም በየቦታው ይታወቃል። ቃል በቃል የተጠቀሰ ዓረፍተ ነገር በፍለጋ ስለሚገኝ፣ ስስ ጉዳይ ከሆነ በራስሽ ቃል አስፍሪው። ከጨዋታ በኋላ «ምን ተሰማህ?» ብሎ መጠየቅም ደካማ ነው፣ ሰው የሚጠበቅበትን ይመልሳል። የራሱን ቀረጻ እያሳየሽ «እዚህ ጋ ለምን ቆምክ?» ብለሽ ጠይቂ።

ቀይ እስክሪብቶ

ሲምሲቲው ላይ ተረታሁ፤ ተሸፍኖ ነው የሚሠራው፣ ልክ ነህ።

ህሊና፣ አጠቃቀስ ነበር የመጨረሻው ጥያቄሽ። የትምህርት ክፍልሽ የራሱ ደንብ ካለው እሱን ያዢ፤ ከሌለው በዝርዝሩ ላይ የሠሪው ስም፣ የጌሙ ስም፣ የወጣበት ዓመት፣ ሥሪትና የመሣሪያው ዓይነት ይግባ። በጽሑፉ ውስጥ በቅንፍ የጨዋታው ቁጥር፣ የጌሙ ቀንና የቀረጻው ሰዓት፦ (ጨዋታ 2፣ ቀን 5፣ 00:14:32)። ከአባ ሠንጠረዥ የመጀመሪያ ዓምድ ጋር አንድ መሆን አለበት፤ ገምጋሚው አንዱን መርጦ ሲያጣራ ካልገጠመ ሌላውንም አያምንም።

አባ መዝገብ

ቀረጻውን ሁሉ ለገምጋሚ አትላኪ፤ 54 ጊጋባይት የሚያይ የለም። የጠቀስሻቸውን ትዕይንቶች ብቻ ከፊትና ከኋላ 30 ሰከንድ ጨምረሽ ቁረጪ፣ ፋይሎቹን በቅንፉ ቁጥር ሰይሚ። ሙሉው በሁለት ዲስክ ላይ ይቀመጥ፣ ሁለቱ አንድ ቤት ውስጥ አይሁኑ።